በጨረቃ ላይ የጻፍኩት ስም

ቤተሰቤን ከአሜሪካ ላስባርር የነበርኩት እኔ እንደሆንኩ ለአሥራ አንድ ዓመት አምኜ ኖሬያለሁ። ጥፋቴ ጨረቃ ላይ ባንዲራ መትከል ነበር።

ጨረቃዋ የተሠራችው ከአሮጌ ጋዜጣ፣ ከዱቄት ሙጫና ከሽቦ ነው። ጆርጂያ፣ ስኮትዴል ካለው አፓርትማችን በእግር አሥር ደቂቃ በሚርቀው ትምህርት ቤቴ ኮሪደር ላይ፣ እንደተደፋ ትልቅ ሳህን ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ቁመቷ እስከ ደረቴ ይደርሳል። ግራጫ ቀለም ቀብተን፣ ሙጫው ሳይደርቅ በማንኪያ ጀርባ እየተጫንን ጉድጓድ ጉድጓድ አውጥተንላታል። ዓመቱ በፈረንጆቹ 2003 ነው። እኔ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ነኝ። ፌብሩዋሪ ላይ የጠፈር መንኮራኩር ሰማይ ላይ ተበታትኖ ሰባት ሰዎች ስለሞቱ፣ አስተማሪያችን ሚስ ፓልመር ሌላውን ትምህርት ሁሉ ትታ ስለ ጠፈር ብቻ ታስተምረን ነበር።

«ሁላችሁም የአገራችሁን ባንዲራ ሠርታችሁ ኑ፤ ጨረቃ ላይ እንተክላለን» አለችን። ክፍላችን ውስጥ የቦስኒያ፣ የቬትናም፣ የሶማሊያ፣ የሱዳን ልጆች ነበሩ። ጨረቃ ላይ ነፋስ ስለሌለ ባንዲራ ተጣጥፎ ይወድቃል፤ ስለዚህ ከላይ በኩል አግድም ሽቦ ይገባበታል፤ እዚያ ላይ ያሉት እውነተኞቹም እንዲያ ናቸው አለች።

አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ወረቀት ገዝቶልኝ የመጣው አባዬ ነው። ወረቀቱን ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ ስቆርጥ እሱና ጋሼ ጣሪቅ ሶፋው ላይ ነበሩ። ሁለቱም ታክሲ ይነዳሉ። ጋሼ ጣሪቅ በተጨማሪ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ፎርም ይሞላል፤ የማንም ወረቀት ያለ እሱ አያልፍም።

«አባዬ፣ መሃሉ ላይ ምን ላድርግ?»

«ምንም የለውም» አለ አባዬ።

«እንዴት ምንም የለውም? ኮከቡስ?» አለ ጋሼ ጣሪቅ።

«የማን ኮከብ ነው ደግሞ?»

«ጀመረህ እንግዲህ! ልጅቷ የትምህርት ቤት ሥራ ጠየቀችህ እንጂ ፓርቲ አቋቁምልኝ አላለችህም።»

ተጨቃጨቁ። እኔም መሃሉን ባዶ ተውኩት።

ከባንዲራው ሥር ስማችንን በካርቶን ላይ ጽፈን እንድንለጥፍ ታዘናል። እኔ ሁለት ስም ነበረኝ። ትምህርት ቤት ሁዳ ሸፊቅ እባላለሁ። ቅዳሜና እሁድ ቁርዓን በምቀራበት መድረሳ ደግሞ ኡስታዙ መዝገቡን ገልጦ «ሁዳ ሉቅማን» ሲል አቤት የምለው እኔ ነኝ። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ጫማ መስጂድ በር ላይ ይወልቅ የለ፤ ስምም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ሰው ሁሉ የውጭ ስምና የመስጂድ ስም አለው ብዬ አምን ነበር።

ጨረቃ ደግሞ የመስጂድ ነገር ናት። ረመዳን ሲቃረብ አባዬና ጓደኞቹ ፓርኪንጉ ላይ ቆመው አንገታቸውን ወደ ሰማይ አንጋጠው «ታየች፣ አልታየችም» እያሉ ሲከራከሩ አይቻለሁ። ሳዑዲ አይታታለች ይላል አንዱ። እኛ ያለነው ጆርጂያ ነው ይላል ሌላው። ስለ ጨረቃ እንደዚያ የሚጨነቅ ሌላ ሰው አላውቅም ነበር። ስለዚህ ሳላመነታ ካርቶኑ ላይ «ሁዳ ሉቅማን» ብዬ ጻፍኩ።

ሚስ ፓልመር አየችው፣ ትንሽ ግራ የገባት መሰለች፣ ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈች። የልጆችን ስም ማወቅ እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ቀላል አልነበረም።

ባንዲራዬን በተከልኩ ማግስት ኬንድራ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ፀጉሯ ጫፍ ላይ ነጭ ዶቃ የምታደርግ፣ ሁሉን ነገር የምታውቅ ልጅ ናት።

«ጨረቃ እኮ የኛ ናት» አለችኝ።

«ሚስ ፓልመር ትከሉ ብላለች።»

«እሷ ምን ታውቃለች? መጀመሪያ የተከልነው እኛ ነን። አጎቴ የማሪን ወታደር ነው፣ አሁን ኢራቅ ነው ያለው። ሰው መሬት ላይ ባንዲራ ከተከልሽ ጦርነት ነው።» ጭማቂዋን ጠጥታ ጨረሰች። «ለልጆች ጦርነት አይታወጅም። ይመልሱሻል።»

«ወዴት?»

«ወደመጣሽበት ነዋ።»

ጨረቃ የማንም አገር እንዳትሆን መንግሥታት በ1967 ተፈራርመዋል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሳነበው ብቻዬን ሳቅኩ። ያኔ ግን ኬንድራ ተጨባጭ ማስረጃ ነበራት፤ የእኔ ማስረጃ አንዲት አስተማሪ ብቻ ናት።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳሎናችን ሰው ሞልቶታል። ቴሌቪዥኑ ላይ ባግዳድ ነው። ወታደሮች ትልቅ ሐውልት ላይ ወጥተው ፊቱን በአሜሪካ ባንዲራ ሸፈኑት። ያን ያህል ወንድ በአንድ ጊዜ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም።

«አበቃ» አለ አባዬ። «ባንዲራ ካለበሱት አበቃ።»

«ዝጋው በአላህ» አለች እማዬ ከኩሽና። «ልጅቷ መጥታለች።»

ያንን ባንዲራ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንዳነሱት የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ቀን ያየሁት ግን ኬንድራ ልክ እንደነበረች ነው።

ደብዳቤው የመጣው በማግስቱ ነው። ፖስታው ጥግ ላይ ክንፏን የዘረጋች ንስር ነበረች። ጋሼ ጣሪቅ ኩሽና ቁጭ ብሎ ሲያነብላቸው እኔ ኮሪደሩ ላይ የቤት ሥራዬን ታቅፌ ነበርኩ። አባዬ ዜግነት አመልክቶ ነበር። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። የማውቀው ድምፃቸው ዝቅ ማለቱን ነው።

«ኢንተርቪው ኤፕሪል ሃያ አራት ነው» አለ ጋሼ ጣሪቅ። «የልጅቷን የልደት ወረቀት ይፈልጋሉ። ኦሪጅናሉን።»

«ለምን? ኮፒውን ሰጥተናቸው የለም?» አለች እማዬ።

«ዘንድሮ ሁሉንም ቼክ እያደረጉ ነው፣ ጀዋሂር። ሸፊቅ፣ ሁዳ፣ ጀዋሂር የሚል ስም ሲያዩማ ሁለቴ ነው ቼክ የሚያደርጉት።»

«ያደረግነው ከታወቀስ?»

ወንበር ተንቋቋ። «ከታወቀ ፋይሉን ዲናይ ያደርጉታል። ከዚያ ወዲያ…»

«ተናገረው እንጂ።»

«ወደመጣችሁበት ነው።»

«ሦስታችንንም?»

«እሷን መጀመሪያ» አለ ጋሼ ጣሪቅ።

«ያ ረቢ» አለች እማዬ። የማልቀስ ድምፅ አልነበረም። ሙቅ ነገር የነካት ሰው ድምፅ ነው።

ያደረግነው። ምን እንዳደረግን ደብተሬን ታቅፌ አሰብኩ። የእማዬን ጥፋት ፈለግኩ፣ አጣሁ። የአባዬን ፈለግኩ፤ አንድ ጊዜ ቀይ መብራት ጥሷል። ከዚያ የራሴ ትዝ አለኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣ መኪና ሁሉ እኔን ሊወስድ የመጣ ነበር። ፖስታ አመላላሹ ደረጃውን ሲወጣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ እቆልፋለሁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሬዲዮ ሲንጫጫ ስሜን የጠራ ይመስለኛል። ትምህርት ቤት ስገባ በኮሪደሩ ወዲያኛው ግድግዳ ተጠግቼ ነበር የምሄደው፣ ባንዲራው እንዳያየኝ።

ቅዳሜ ዕለት ከቀትር በኋላ አባዬ ጋዜጣ ይዞ ገባ። በየግሮሰሪው በር ላይ በነፃ የሚደረደር የሰፈር ጋዜጣ ነው። ባንዲራዎቹን በተከልንበት ቀን አንዲት ሴት ካሜራ ይዛ መጥታ ጨረቃችንን ፎቶ አንስታ ነበር። ገጽ አራት ላይ እኔ ጥርሴን ገልጬ ባንዲራዬ አጠገብ ቆሜያለሁ። ከሥሩ ስሜ አለ።

አባዬ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ይሄን ማን አድርጊ አለሽ?»

«ሚስ ፓልመር… አይ፣ ማንም። እኔ ነኝ።»

«ስንት ሰው አይቶታል?»

«ኮሪደር ላይ ነው ያለው፣ አባዬ። ሁሉም ያየዋል።»

እማዬ መጥታ አየች፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሳስበው የአባዬ ጣት ያረፈው ባንዲራው ላይ አልነበረም። ከሥሩ ባለው ጽሑፍ ላይ ነው።

ሉቅማን የመስጂድ ስም አይደለም። የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ደሴ ላይ የወለደኝ እሱ ነው። እናቴ እኔን ስትወልድ፣ እሱ ደግሞ በዓመቱ በሳንባ በሽታ ሞቱ። ሸፊቅና ጀዋሂር ልጅ አልነበራቸውም፣ ወሰዱኝ። የዲቪ ሎተሪ ሲሞሉ «ልጆች» የሚለው ቦታ ላይ እኔን ጻፉ። ሎተሪው ወጣላቸው። በሕግ ልጅ የሚሆንበት ሌላ መንገድ እንዳለ የነገራቸው የለም፤ ቢነግራቸውም ጊዜ አልነበራቸውም። ለቀበሌው ሁዳ ሸፊቅ ናት አሉ፣ ቀበሌው ጻፈ፣ ማኅተም መታ።

ኡስታዙ ፊት ግን አባዬ አንደበቱ እምቢ አለው። በእኛ ሃይማኖት የሙት ልጅ ማሳደግ ትልቅ ምንዳ ነው፤ ልጁን ከአባቱ ስም ነጥሎ በራስ ስም መጥራት ደግሞ ኃጢአት ነው። ስለዚህ አባዬ ነገሩን ለሁለት ከፈለው። ለአሜሪካ ሸፊቅን፣ ለአላህ ሉቅማንን። ሁለቱ መዝገቦች መቼም አይገናኙም ብሎ ነበር። እኔ ጨረቃ ላይ አገናኘኋቸው።

ያኔ ይህን አላወቅኩም። ያወቅኩት አባዬ ቁልፉን ሲያነሳ ብቻ ነው። «ጫማሽን አድርጊ» አለኝ። እማዬ ሥራ ልትገባ ስለነበረች እኔን የሚተውበት ሰው አልነበረም።

ከስኮትዴል ጀመርን። አባዬ ታክሲውን ግሮሰሪው በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ያቆማል፣ ይወርዳል፣ የጋዜጣውን ክምር አቅፎ ይመጣል፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይጥለዋል። ክላርክስተን ሄድን። የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ነዳጅ ማደያ። አንድ ነዳጅ ማደያ በር ላይ አንድ ሽማግሌ «ወንድሜ፣ አንድ እንኳን አትተውልኝም?» ሲለው አባዬ «ለዕቃ መጠቅለያ ነው» ብሎ ሮጠ። አባዬ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ሊቶኒያ ስንደርስ ዕቃ መጫኛው አልዘጋ አለ፤ የቀረውን እግሬ ሥር ደረደረው። እያንዳንዱ ገጽ አራት ላይ እኔ ጥርሴን ገልጬ እንዳለሁ አውቃለሁ። እግሬን አንስቼ ተቀመጥኩ።

ገና ፀሐይ ነበረች። ቀና ስል ጨረቃ ከመንገዱ በላይ ወጥታለች፣ በቀን ብርሃን፣ ነጭ፣ ጎኗ ትንሽ የጎደለ። በየታጠፍንበት ትከተለናለች። ወንበሩ ላይ ዝቅ አልኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለ አባዬ በመስታወቱ እያየኝ።

«ይመልሱኛል?»

«አብሽሪ» አለ። ወደሚቀጥለው ግሮሰሪ ታጠፈ።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ትምህርት ቤት ገባሁ። ጨረቃዋ ላይ ተንጠራርቼ ባንዲራዬን ነቀልኩት። ሽቦው ጣቴን ቧጠጠኝ። ወረቀቱን ከነካርቶኑ ቀዳድጄ ሽንት ቤት ውስጥ ጣልኩ፣ ሦስት ጊዜ ውሃ ለቀቅኩበት። የቀረው ቀዳዳ ግን አልተደፈነም። በጣቴ ግራጫ ቀለም ልፈቅበት ሞከርኩ። ባንዲራ እንደነበረ የትኛውም ፖሊስ በአንድ እይታ ያውቃል አልኩ።

ቤት ውስጥ ደግሞ በየቀኑ ልምምድ ነበር። እማዬ ፀጉሬን እየሠራች ትጠይቀኛለች።

«ሙሉ ስምሽ?»

«ሁዳ ሸፊቅ።»

«የመድረሳውን ስም ቢጠይቁሽስ?»

«አይጠይቁኝም። ከጠየቁኝ ሁዳ ሸፊቅ።»

«ያልጠየቁሽን አትመልሺ። ገባሽ? አንድም ቃል።» ማበጠሪያዋ ቆመ። «አንድም ቃል፣ የኔ እናት።»

ይዘውኝ እንዲሄዱ የመከረው ጋሼ ጣሪቅ ነው። «ፊቷን ይዩት» አለ። «ቁርጥ አንተን አይደለች እንዴ? ከየትኛውም ማኅተም የበለጠ ወረቀት ፊቷ ነው።» ያንን እንደ ሙገሳ ነበር የወሰድኩት። ወንድማማቾቹ በጣም ይመሳሰሉ ነበር አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስታችንም ለዒድ የተገዛልንን ልብስ ለብሰን መሃል ከተማ ሄድን። የኢሚግሬሽን ቢሮው መቆያ ክፍል የምንጣፍና የማሞቂያ ሽታ ነበረው። መጀመሪያ አባዬ ብቻውን ገባ። የእማዬ ከንፈር ድምፅ ሳያሰማ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እያደረገች ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ በሩ ተከፈተና ራሰ በራ፣ ወፍራም ሰው በጣቱ ጠራኝ። እማዬ ልትነሳ ስትል «ልጅቷን ብቻ» አላት።

ጠረጴዛው ላይ በእንጨት መቆሚያ የተተከለች ትንሽ የአሜሪካ ባንዲራ ነበረች። ሌላ ምንም አልታየኝም።

«ይሄ ሰውዬ ምንሽ ነው?» አለኝ ሰውየው።

«አባቴ።»

«ሙሉ ስምሽስ?»

«ሁዳ ሸፊቅ።»

ሰውየው ወረቀቱን አየ። እኔን አየ። አባዬን አየ። ተመልሶ ወረቀቱን አየ። ባንዲራዋ ትኩር ብላ ታየኛለች። ከዚያ በላይ መቻል አልቻልኩም።

«ነቅዬዋለሁ» አልኩ።

«ምኑን?»

«ባንዲራውን። ጨረቃ ላይ የተከልኩትን። አባዬ አይደለም ያዘዘኝ፣ እኔ ነኝ። ጋዜጦቹንም ሁሉንም ሰብስቧቸዋል።»

አባዬ ከጠረጴዛው ሥር ክንዴን ያዘኝ።

«የምን ጋዜጦች?» አለ ሰውየው።

«ፎቶዬ የወጣባቸው።»

«ባንዲራ ይዘሽ? ጨረቃ ላይ?»

«ትምህርት ቤት ያለችው ጨረቃ ላይ።»

ሰውየው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ሳቀ። ሆዱ እየተንቀሳቀሰ ሳቀ። «እና አባትሽ ጋዜጣውን ሁሉ ሰበሰበው! እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፤ እኔም ያንኑ ነበር የማደርገው።» ዓይኑን ጠረገ። «ስምሽንስ አወጡት?»

«አዎ።»

«በትክክል? የኔን ሁልጊዜ ያበላሹታል።»

አባዬ አይተነፍስም። ሳልዞር አውቃለሁ፤ ከጎኔ የሚሰማው ትንፋሽ ቆሟል።

«በትክክል» አልኩ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ያን ቀን ከተባለው ሁሉ እንደ እሷ ቃል እውነት የሆነ አልነበረም።

«ስሚኝ» አለኝ ሰውየው ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ። «ጨረቃ የማንም አይደለችም። መልሰሽ ትከይው።» ከዚያ ወረቀቱን ገልብጦ ፈረመ፣ ለአባዬ እጁን ዘረጋለት። አባዬ እጁን ለመስጠት ሁለት ጊዜ ሱሪው ላይ ጠረገው።

መኪናው ውስጥ እማዬ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለች እጄን ትስመኛለች። አባዬ ሞተሩን አላስነሳም። ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ ያየዋል። የቆሰለ መስሎኝ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ አባዬ መጾም ጀመረ። ረመዳን አይደለም። ሥራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ውሃ እንኳን አይቀምስም። ዓርብ ጾመ፣ ቅዳሜም ጾመ። እማዬን ስጠይቃት «አባትሽ ያለበትን እየከፈለ ነው» አለችኝና ዞር አለች። ምክንያቱን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ እሱ ራሱ ነገረኝ። ሰውየው ጥያቄ ከመጀመሩ በፊት ቀኝ እጁን አስነስቶ እውነት ብቻ ሊናገር በፈጣሪ ስም አስምሎታል። አባዬም ማለ፣ ከዚያ ዋሸ። ለሐሰት መሐላ ሦስት ቀን ይጾማል።

እኔ ግን ስምንት ዓመቴ ነበር፣ የማውቀው አንድ ጥፋት ብቻ ነው። አባዬን በእኔ ምክንያት እህል አስጠላው አልኩ። ይቅር እንዲለኝ እሁድ ዕለት እኔም ሳልነግራቸው ጾምኩ። ጠዋት ሆዴን አመመኝ አልኩ። ቀን ሳንድዊቼን ከአልጋዬ ሥር ደበቅኩት። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ይዞር ጀመር።

ጀምበር ስትጠልቅ አባዬ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ያለው ተምር የተቀመጠበት ሳህንና ውሃ ነው። ከተምሩ አንስቶ አፉ ሊያደርስ ሲል አየኝ። ጠረጴዛውን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

«ምን ሆነሻል?»

«ጾሜያለሁ።»

«አንቺ? ምን አጥፍተሽ ነው አንቺ የምትጾሚው?»

«ባንዲራውን» አልኩ። ማልቀስ ጀመርኩ። «በባንዲራው ነው አይደል የማትበላው?»

እማዬ ሾርባ የምታወጣበትን ጭልፋ አስቀመጠች። «ሸፊቅ» አለችው። «ንገራት።»

አባዬ ተምሩን ወደ ሳህኑ መለሰ። ከፊቱ ላይ ብዙ ነገር ሲያልፍ ታየኝ፣ አንዱንም ማንበብ አልቻልኩም። አሁን ሁሉንም አነባለሁ። እውነቱን ቢነግረኝ ሰኞ ጠዋት ለኬንድራ፣ ማክሰኞ ለሚስ ፓልመር እነግራለሁ። ደግሞም አባትሽ አይደለሁም ማለት ሊኖርበት ነው። ለመንግሥት ዋሽቶ፣ በፈጣሪ ስም ምሎ ያገኘውን አባትነት በራሱ አፍ፣ በራሱ ጠረጴዛ ላይ አሳልፎ ሊሰጥ ነው።

«አዎ» አለኝ። «በባንዲራው ነው።»

«ሸፊቅ!» አለች እማዬ።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለ አባዬ፣ ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ። «ሁለተኛ ግን ስምሽን በየቦታው አትጻፊ።»

«እሺ አባዬ።»

ተምሩን ለሁለት ከፈለው፣ ፍሬውን አወጣ፣ ተለቅ ያለውን ግማሽ ሰጠኝ። በላሁት። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል የጣፈጠኝ ነገር የለም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም እሱ ነው።